ከፋዩ ቨርጂኒያ፣ ተቀባይዋ ጉለሌ፦ ወርሃዊ ክፍያ የሚሰበስብ ሶፍትዌር እንዴት ይመረጣል?

ውጭ አገር እየኖረ አገር ቤት የኦንላይን ሱቅ ለመክፈት የሚያስብ ሰው ዛሬ አብዛኛውን ጊዜ የሚያስበው ወር በወር የሚከፈልበትን ንግድ ነው። አንዱ ለእናት ቤት በየወሩ ጤፍ፣ ዘይት፣ ሽሮና በርበሬ ለማድረስ ያቅዳል። ሌላው ውጭ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ በኢንተርኔት ለማስተማር ይነሳል። ሐሳቡ መሠረት አለው፤ ልማዱ ቀድሞም ያለ ነውና። ወር በደረሰ ቁጥር ለቤተሰቡ የማይልክ ከመካከላችን ጥቂት ነው። ያንን ልማድ ወደ ሥርዓት ያለው ሽያጭ መለወጥ አገር ቤት ለገበሬውም፣ ለአድራሹም፣ ለሒሳብ ሠራተኛውም ሥራ ይፈጥራል። ይህ እንዲሳካ ከልብ ስለምፈልግ ነው ይህን መመሪያ የምጽፈው።

ውይይቱ ግን ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ከመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ «ሾፒፋይ ይሻላል ወይስ ዉኮመርስ?» ከሚለው። ሶፍትዌር የሚመረጠው ሦስት ነገሮች ከታወቁ በኋላ ነው፦ የሚከፍለው ማን ነው፣ የሚከፍለው ከየትኛው አገር ባንክ ነው፣ ገንዘቡንስ በሕግ የሚቀበለው የትኛው ድርጅት ነው። ከሦስቱ ትልቁን ክብደት የምሰጠው ለመጀመሪያው ነው። ገበያ ላይ ያሉት ሶፍትዌሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የተሠሩት የሚከፍለውና ዕቃውን የሚረከበው አንድ ሰው ነው ብለው ነው። በእኛ ንግድ ግን ከፋዩ ልጅ አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ይኖራል፤ ተቀባይዋ እናት ጉለሌ ናቸው። ሁለቱ የሚናገሩት የተለያየ ነገር ነው፣ የሚቆጥሩት ቀን የተለያየ ነው፣ ስልካቸውም ለየብቻ ነው። ሁለቱን ለይቶ መያዝ የማይችል ሶፍትዌር ሌላው ሁሉ ቢያምርም አይበጃችሁም።

ገንዘቡ በየት በር ይገባል?

ስትራይፕ የተባለው የክፍያ ድርጅት ኢትዮጵያ ውስጥ የተመዘገበን ድርጅት በነጋዴነት አይቀበልም። ሾፒፋይ የራሱ የሆነው የካርድ ክፍያ አገልግሎትም ኢትዮጵያን አያካትትም። ብዙዎቹ የሰብስክሪፕሽን ሶፍትዌሮች ደግሞ ካርድ የሚቆርጡት በእነዚህና በመሰሎቻቸው በኩል ነው። ስለዚህ ከፋዮቻችሁ በብዛት ውጭ ካሉ ሁለት ድርጅት ያስፈልጋችኋል፤ አንዱ በምትኖሩበት አገር ክፍያውን የሚቀበል፣ ሌላው አዲስ አበባ ዕቃውን ገዝቶ የሚያደርስ። አሜሪካ ያለ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ኤልኤልሲ የተባለውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት ያቋቁማል። ዱባይ ያለውም ብዙ አይቸገርም፤ ስትራይፕ እ.ኤ.አ. ከ2021 ጀምሮ በተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ይሠራል። እስራኤል የሚኖሩ ወገኖች ደግሞ በአገራቸው ባንክና የካርድ ድርጅቶች በኩል የሚሠራውን ቋሚ የክፍያ ትእዛዝ፣ «ሆራአት ኬቫ»ን፣ ያውቁታል። ደንበኞቻችሁ በሙሉ እዚያው ከሆኑ ከእሱ ጋር የሚገናኝ የአገሩን ሶፍትዌር መያዝ አሜሪካ ውስጥ ድርጅት ከማቋቋም ይቀላል።

አዲስ አበባ ላይ ያለው ድርጅት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ሊሆን ይችላል። የ2013 ዓ.ም. የንግድ ሕግ አንድ ሰው ብቻውን እንዲያቋቁመው ይፈቅዳል። ዜግነት የቀየራችሁ ከሆነ በአዋጅ ቁጥር 270/1994 መሠረት የሚሰጠውን የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ፣ ቢጫ ካርዱን፣ አስቀድማችሁ አውጡ።

በሁለቱ ድርጅቶች መካከል የጽሑፍ ውል ይኑር። የውጭው ድርጅት ዕቃና የማድረስ አገልግሎት ከአዲስ አበባው ይገዛል፣ አዲስ አበባው ኢንቮይስ ይልካል፣ ገንዘቡ በባንክ ይገባል፣ ባንኩ የሰጠው የገቢ ማስረጃ ይቀመጣል። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ በኋላ በባንክ መላክ እንደ ቀድሞው የሚያከስር አይደለም። ገንዘቡን በጎን ገበያ ማስገባት ዛሬ የምታተርፉ ቢያስመስልም ነገ ብድር ስትጠይቁ፣ ትርፍ ወደ ውጭ ልታወጡ ስትፈልጉ ወይም የግብር ኦዲተር ሲመጣ የምታሳዩት ወረቀት አይኖራችሁም። ኢንቨስትመንታችሁ በሰነድ የለም ማለት ነው።

አንድ ድንበር አትለፉ። ዕቃ እየሸጣችሁ ከሆነ ነጋዴ ናችሁ። «በዚህ ወር ዕቃው ቀርቶ ብሩን ለእማዬ ስጡልኝ» የሚል ደንበኛ ሲመጣና እሺ ስትሉ ግን ገንዘብ አስተላላፊ ሆናችሁ። አሜሪካ ውስጥ ያ ሥራ ፊንሰን በተባለው የፌዴራል የገንዘብ ወንጀል ተቆጣጣሪ ዘንድ መመዝገብንና የየክፍለ ግዛቱን ፈቃድ ይጠይቃል። ጥያቄው ከቅን ልብ የሚመጣ ስለሆነ እምቢ ማለት ያስቸግራል፤ ቢሆንም እምቢ በሉ።

ለየትኛው ንግድ የትኛው ዓይነት

ሶፍትዌሮቹን በስም ብዛት ከማየት በሥራ ባሕርያቸው መለየት ይሻላል። ሾፒፋይና ዉኮመርስ ሱቁን ራሱን የሚያቆሙ ናቸው፤ ወርሃዊው ክፍያ በላያቸው የሚጨመር መተግበሪያ ነው። ስትራይፕ ቢሊንግ ካርዱን የሚቆርጠው ድርጅት ራሱ የሚሰጠው የወርሃዊ ክፍያ መሣሪያ ነው፤ ሱቁን ግን ሌላ ቦታ መሥራት አለባችሁ። ቻርጅቢና ሪከርሊ ብዙ ዓይነት ዋጋና ብዙ ሺህ ደንበኛ ላላቸው ኩባንያዎች የተሠሩ ናቸው። ለጀማሪ የቤተሰብ አስቤዛ ሱቅ እነሱን መግዛት ጊዜው ገና ነው። ፓድልና ሌመን ስኩዊዚ ደግሞ በሕግ ፊት ሻጩን ይተካሉ። ደንበኛው የሚገዛው ከእነሱ ነው፣ የየአገሩን የሽያጭ ታክስ የሚከፍሉት እነሱ ናቸው፣ ለእናንተ የተረፈውን ይልካሉ። ሌመን ስኩዊዚን እ.ኤ.አ. በ2024 ስትራይፕ ገዝቶታል።

አስቤዛ የምታደርሱ ከሆነ ፓድልና ሌመን ስኩዊዚ ከዝርዝራችሁ ይውጡ፤ የሚሠሩት ለዲጂታል ምርት ብቻ ነው። የተቀረጸ የአማርኛ ትምህርት የምትሸጡ ከሆነ ግን መጀመሪያ ማየት ያለባችሁ እነሱን ነው። ጀርመን ላለ ቤተሰብ የተቀረጸ ትምህርት የሚሸጥ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ ያለ ሻጭ ከመጀመሪያዋ ሽያጭ ጀምሮ የደንበኛውን አገር ተጨማሪ እሴት ታክስ የመሰብሰብ ግዴታ አለበት። ዝቅተኛ ጣሪያ የለውም። ስቶክሆልም፣ ፍራንክፈርትና ሮም አሥር አሥር ተማሪ ያለው አስተማሪ ያንን ሒሳብ ብቻውን ልያዝ ቢል ማስተማሪያ ጊዜ አይተርፈውም።

ለአስቤዛ የእኔ ምርጫ ሾፒፋይ ነው፣ የኤልኤልሲ ድርጅትና የሾፒፋይ የራሱ የካርድ አገልግሎት ካላችሁ። ሌላ የካርድ ድርጅት ካገናኛችሁበት በመሠረታዊው ዕቅድ ከእያንዳንዱ ሽያጭ 2 በመቶ ይጨምርባችኋል። ሾፒፋይ ራሱ ያወጣው የሰብስክሪፕሽን መተግበሪያ ነፃ ስለሆነ ለመጀመር ይበቃል፤ ንግዱ ሲሰፋ ሪቻርጅን የመሳሰሉትን ማየት ይቻላል። ዉኮመርስ ወጪው ያነሰ ይመስላል፣ ኮዱም የራሳችሁ ይሆናል፤ ግን ባለሙያ ይፈልጋል። አንድ ምሳሌ ላሳይ። በዉኮመርስ ላይ የወሩን ክፍያ የሚቀሰቅሰው የዎርድፕሬስ የጊዜ ሰሌዳ በተለመደው አሠራሩ የሚነቃው ሰው ድረ ገጹን ሲጎበኝ ነው። ጎብኚ የሚያንስበት ትንሽ ሱቅ ላይ የ1ኛው ቀን ክፍያ በ2ኛው ወይም በ3ኛው ቀን ሊቆረጥ ይችላል። ሰርቨሩ ላይ እውነተኛ የሰዓት ትእዛዝ የሚያስገባ ሰው ያስፈልጋችኋል። ድረ ገጹን ወደ ሌላ አድራሻ ስታዛውሩም የሰብስክሪፕሽኑ ክፍል ደንበኛ ሁለት ጊዜ እንዳይቆረጥበት ብሎ አውቶማቲክ ክፍያውን እስክታረጋግጡ ያቆመዋል። ጥበቃው መልካም ነው፤ የማያውቅ ሰው ግን ወሩን ሙሉ ገቢ ሳይገባ ሊያልፍ ይችላል።

የክፍያውን ነገር በቁጥር እንየው፤ ለምሳሌ ስትራይፕን እንውሰድ። በአሜሪካ የስትራይፕ መደበኛ ዋጋ በካርድ 2.9 በመቶና 30 ሳንቲም ነው፣ ቢሊንግ ሲጨመር 0.7 በመቶ፣ ካርዱ ከአሜሪካ ውጭ የተሰጠ ከሆነ ሌላ 1.5 በመቶ። ከመፈረማችሁ በፊት የወቅቱን ዋጋ ከድረ ገጻቸው አረጋግጡ፤ በየጊዜው ይለውጡታል። በዚህ ሒሳብ የ60 ዶላር አስቤዛ በአሜሪካ ካርድ ሲከፈል 2 ዶላር ከ46 ሳንቲም ይቆረጥበታል። ያው አስቤዛ በካናዳ ካርድ ከተከፈለ 3 ዶላር ከ36 ሳንቲም ይሆናል። በአሜሪካ የባንክ ሒሳብ በቀጥታ ቢከፈል ግን የዝውውሩ ክፍያ 0.8 በመቶ ነው፣ በ60 ዶላር ላይ 48 ሳንቲም፤ የቢሊንጉ 0.7 በመቶ በዚህም ላይ ይጨመራል። በዓመት 12 ጊዜ፣ በመቶ ቤተሰብ ስታባዙት ልዩነቱ የአንድ አድራሽ የወራት ደመወዝ ነው። ስለዚህ ከባንክ ሒሳብ በቀጥታ መቀበል የሚችል ሶፍትዌር ፈልጉ፣ ደንበኞቻችሁንም በዚያ እንዲከፍሉ አበረታቱ።

የ10 ዶላር ትምህርት ላይ ደግሞ ስትራይፕና ቢሊንጉ አብረው 66 ሳንቲም ይወስዳሉ። ፓድል በ5 በመቶና በ50 ሳንቲም መደበኛ ዋጋው 1 ዶላር ይወስዳል። የ34 ሳንቲሟ ልዩነት የታክሱን ሸክም ከትከሻችሁ የምታወርድ ናት። ለእኔ ርካሽ ናት።

ከፋይና ተቀባይ

ማንኛውንም ሶፍትዌር ከመግዛታችሁ በፊት የሙከራ ሱቅ ክፈቱና አንድ እውነተኛ ትእዛዝ አስገቡበት። ከፋዩ ቨርጂኒያ፣ ተቀባይዋ ጉለሌ። የመጀመሪያው መሰናክል አድራሻው ላይ ይመጣል። ቅጹ የመንገድ ስምና የፖስታ ኮድ ካልተሞላልኝ አልቀጥልም ይላል። እኛ ያለን ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ የቤት ቁጥርና «ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ አረንጓዴ በር» የሚል ማብራሪያ ነው። ከሁሉ በላይ ደግሞ ስልክ ቁጥር። የፖስታ ኮድን ግዴታ ማድረግ የሚቀርበት፣ የተቀባይን ስልክ ግን ግዴታ ማድረግ የሚቻልበት መሆን አለበት። ስሙም እንዲሁ ነው፤ የቤተሰብ ስም የሚለው ቦታ ላይ የአባት ስም ይገባል፣ በዚህም ምክንያት ሚስትና ባል፣ እናትና ልጅ በስም አይገናኙም። በአማርኛ ፊደል የተጻፈ ስም ማሸጊያው ላይ ሲታተም ባዶ ሣጥን ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ ስላለ አንድ መለያ አትማችሁ እዩ።

ቀጥሎ መልእክቱ ነው። ብዙ ሶፍትዌር ሁሉንም ማስታወቂያ የሚልከው ለከፋዩ ኢሜይል ነው። ገንዘብን የሚመለከተው ለልጁ ኢሜይል ይሂድ። «ነገ ጠዋት ይደርሳል» የሚለው ግን በ+251 ቁጥር በአጭር የጽሑፍ መልእክት፣ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ፣ ለእናት መድረስ አለበት። ይህን የሚያደርግ ተጨማሪ መተግበሪያ ወይም ከአገር ቤት የመልእክት አቅራቢ ጋር የሚያገናኝ በር ከሌለው አድራሾቻችሁ በስልክ ሲደውሉ ይውላሉ። ዋጋው የተጻፈበት ደረሰኝ ሣጥኑ ውስጥ እንዳይገባ የሚያደርግ ምርጫም ፈልጉ፤ ልጁ ስንት እንደከፈለ ለእናቱ ማሳየት የማይፈልግበት ምክንያት ሊኖረው ይችላል፣ የእሱ መብት ነው።

የወንድማማቾችን ነገር አትርሱ። አንድ ቤት የሚረዱ ሦስት ልጆች ዴንቨር፣ ቶሮንቶና ሪያድ ተበትነው አንዱን አስቤዛ ተካፍለው መክፈል ይፈልጋሉ። አንድን ሰብስክሪፕሽን በሦስት ካርድ የሚከፍል ሶፍትዌር በቀላሉ አታገኙም። የሚሠራው መንገድ ቅርጫቱን በሦስት መክፈል ነው፤ አንዱ ጤፉን፣ አንዱ ዘይቱንና ስኳሩን፣ ሌላዋ ሳሙናውንና ቡናውን ትያዝ። ሦስቱም ለየብቻ ይመዘገቡና መጋዘናችሁ በተቀባይዋ ስልክ ቁጥር አሰባስቦ በአንድ ቀን ያደርሳል። ሶፍትዌሩ ትእዛዞችን በተቀባይ ስልክ መደርደር ይችል እንደሆነ ሻጩን ጠይቁት።

መቀየርና ማቆምም ተራ ነገር አይደለም። በዐቢይ ጾም 55 ቀን ቅቤና ሥጋ የያዘ ቅርጫት መላክ ስድብ ነው። በረመዳን ቴምሩ ሲጨመር ደስታ ነው። ደንበኛው ራሱ ገብቶ አንድ ወር የሚዘልበት፣ ዕቃ በዕቃ የሚለውጥበት፣ ለጥቂት ወራት የሚያቆምበት ገጽ ያስፈልጋል። ተቀባይዋ ያረፉ እንደሆነስ? ይህ ይሆናል፤ አረጋውያንን የሚያገለግል ንግድ ነውና። ኀዘን ላይ ላለ ልጅ «የእናትዎ ቅርጫት ነገ ይደርሳል» የሚል መልእክት እንዳይሄድ አዲስ አበባ ያለው ሠራተኛችሁ ከአድራሹ ስልክ እንደተደወለለት ሰብስክሪፕሽኑን በአንድ ቁልፍ ማቆምና መልእክቶቹን ሁሉ ማጥፋት መቻል አለበት። የሙከራ ሱቁ ላይ ይህን ራሳችሁ ሞክሩት። የእኔ ዋና መመዘኛ ይህ ነው፤ እዚህ ላይ የወደቀውን ሶፍትዌር አልወስድም።

ቀኑ

ሶፍትዌሮቹ የሚያውቁት የፈረንጅ ወርን ነው። የአገር ቤት ቤት የሚተዳደረው ግን ወር ሲጠባ፣ ደመወዝ ሲወጣ ነው። ይህን ለማስታረቅ ብሎ «በየ30 ቀኑ» የሚለውን የሚመርጥ ሰው አለ፤ የእኛ ወር 30 ቀን ነውና። አትምረጡት። ጳጉሜን ስትመጣ ቀኑ በ5 ወይም በ6 ይንሸራተታል፣ የውጩ ደንበኛም በየወሩ በተለያየ ቀን ሲቆረጥበት ይደናገጣል።

የሚሻለው ይህ ነው። የኢትዮጵያ ወር የሚጠባው በፈረንጆቹ ወር ከ7ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ነሐሴ 1 ኦገስት 7 ላይ ይውላል፣ መስከረም 1 ሴፕቴምበር 11 ወይም 12 ላይ። ካርዱ በፈረንጆቹ ወር 1ኛ ቀን ይቆረጥ፣ ዕቃው የእኛ ወር በጠባ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ይድረስ። 12 ክፍያ ከ12 ወር ጋር ይገጥማል፣ ጳጉሜን ያለ ክፍያ ታልፋለች። ከሁሉ በላይ በመካከሉ ያለው ሳምንት ገደማ ያልተሳካ ክፍያን እንደገና ለመሞከሪያ ያገለግላችኋል። ከምትገዙት ሶፍትዌር የሚጠበቀው የሁሉንም ደንበኛ መቁረጫ ቀን አንድ ላይ ማድረግ መቻል ነው። ብዙዎቹ በተፈጥሯቸው እያንዳንዱን በተመዘገበበት ቀን ይቆርጣሉ።

ያልተሳካ ክፍያ

ካርድ ጊዜው ያልፍበታል፣ ይጠፋል፣ ባንኩ ይለውጠዋል፣ በቂ ገንዘብ አይገኝበትም። ደንበኛው ሳይፈልግ ሰብስክሪፕሽኑ የሚቋረጠው በእነዚህ ነው። ጥሩ ሶፍትዌር ሦስት ነገር ያደርጋል፦ ቪዛና ማስተርካርድ ካላቸው የካርድ ማደሻ አገልግሎት ጋር ተገናኝቶ አዲሱን ቁጥር ራሱ ያገኛል፣ በተለያየ ቀን ደግሞ ይሞክራል፣ ደንበኛው በአንድ ማገናኛ ካርዱን እንዲያድስ ይጽፍለታል። የሚጽፈውን መልእክት በአማርኛ ማስተካከል የምትችሉበትን ምረጡ። ከፋብሪካ የመጣው የእንግሊዝኛ መልእክት የዕዳ ማስጠንቀቂያ ይመስላል፤ ለእናቱ የሚልክ ሰው እንዲህ ሊነገረው አይገባም።

የመጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ዕቃውን አታስቀሩ ብዬ አጥብቄ እመክራለሁ። ለነባር ደንበኛ የአንድ ወር ቅርጫት በእምነት መላክ የሚያመጣው ኪሳራ ጥቂት ነው። ዕቃው ቀርቶ እናት ልጃቸው ጋ ሲደውሉ የሚመጣው ግን የደንበኛው መጥፋት ነው።

ደንበኛ በባንኩ በኩል «ይህን አልከፈልኩም» ብሎ ገንዘቡን ሲያስመልስ፣ ቻርጅባክ የሚሉት ሲመጣ፣ ስትራይፕ አሜሪካ ውስጥ በአንዱ 15 ዶላር ያስከፍላል። መነሻው ብዙ ጊዜ የባንክ መግለጫው ላይ የሚወጣው ስም ነው። ስትራይፕ ለዚያ ስም የሚፈቅደው ከ5 እስከ 22 የላቲን ፊደል ነው። የኤልኤልሲውን የወረቀት ስም ሳይሆን ደንበኛው የሚያውቀውን የሱቁን ስም አስገቡ። አድራሹ ዕቃውን ሲያስረክብ የሚያነሳው ፎቶና የተቀባይዋ ፊርማም ከትእዛዙ ጋር ይቀመጥ፤ ባንኩ ማስረጃ ሲጠይቅ የሚረዳችሁ እሱ ነው።

ማቋረጥ የፈለገ ደንበኛ በቀላሉ ይውጣ። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣው ሮስካ የተባለ ሕግ ራሱን በሚያድስ ክፍያ ላይ ግልጽ ፈቃድና ቀላል ማቋረጫ ያዛል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2024 ያወጣውን ጥብቅ ደንብ ፍርድ ቤት በጁላይ 2025 ቢሽረውም ሮስካና እንደ ካሊፎርኒያ ያሉ የክፍለ ግዛት ሕጎች በሥራ ላይ ናቸው። በአውሮፓ የካርዱ የመጀመሪያ ክፍያ በባንኩ ተጨማሪ ማረጋገጫ ያልፋል፤ ሶፍትዌራችሁ ቀጣዮቹ ክፍያዎች በዚያ ፈቃድ የሚቆረጡ መሆናቸውን በትክክል ካልነገረው ባንኩ ይመልሳቸዋል። በአውሮፓ የቀጥታ ባንክ ክፍያ ደግሞ ደንበኛው እስከ 8 ሳምንት ድረስ ያለ ምክንያት ገንዘቡን ማስመለስ ይችላል። ለአስቤዛ ንግድ ይህ ትልቅ ጊዜ ነው።

አገር ቤት ያሉ ከፋዮች

አዲስ አበባ ላሉ ደንበኞችም መሸጥ ከፈለጋችሁ አሠራሩ ይለያል። በቴሌብር፣ በኤም ፔሳ ወይም በሲቢኢ ብር የሚከፍል ሰው በልማዱ በየጊዜው የምስጢር ቁጥሩን አስገብቶ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ «ካርዱን ራሱ ይቆርጣል» የሚለው ውበት እዚህ አይሠራም ብላችሁ ተነሱ። የሚያስፈልጋችሁ በየወሩ ኢንቮይስና የክፍያ ማገናኛ በስልክ የሚልክ፣ ሲከፈል ራሱ የሚመዘግብ ሥርዓት ነው። ቻፓ፣ አሪፍፔይና ሳንቲምፔይ የክፍያ በር ናቸው። ከእነሱ ጋር ስትነጋገሩ ሁለት ነገር በጽሑፍ አስመልሱ፤ ደንበኛው አንዴ ፈቅዶ በየወሩ የሚቆረጥበት መንገድ አለ ወይ፣ የውጭ ካርድ ከተቀበላችሁልን ገንዘቡ የሚገባልን በብር ነው ወይስ በውጭ ምንዛሪ። መልሱ የኤልኤልሲውን አስፈላጊነት ጭምር ሊለውጥ ይችላል።

ከሶፍትዌሩ የሚወጣው ኢንቮይስ ኢትዮጵያ ውስጥ የግብር ደረሰኝ አይደለም። አዲስ አበባው ድርጅት ገቢዎች የሚያውቀውን ደረሰኝ ለብቻው ይቆርጣል፤ ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ነው። የሒሳብ ሠራተኛችሁ የሁለቱን ቁጥሮች በየወሩ እንዲያስታርቅ የትእዛዝ ቁጥሩ በሁለቱም ላይ ይውጣ። ኤልኤልሲውን የያዘው ብቸኛ ባለቤት የአሜሪካ ዜጋም ነዋሪም ያልሆነ ሰው ከሆነ፣ ለምሳሌ አዲስ አበባ ያለው ሸሪካችሁ፣ 5472 የተባለው ቅጽ በየዓመቱ ይሞላል። አለመሙላቱ 25,000 ዶላር ያስቀጣል።

ዋጋውንም በሰብስክሪፕሽኑ ላይ ስትጽፉ አስቡበት። በዶላር እየሰበሰባችሁ በብር ትገዛላችሁ። በ2016 ዓ.ም. ክረምት ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ ዕቃውም ዋጋው ተከተለ። የዓመት ክፍያ ቀድሞ ከመውሰድ በሦስት ወር መወሰን ይሻላል፤ ሶፍትዌሩም ለአዲስና ለነባር ደንበኛ የተለያየ ዋጋ መያዝና ጭማሪን ከወር በፊት ማስታወቅ የሚችል ይሁን። ደንበኛ ጭማሪ ሲነገረው ይገባዋል። ሳይነገረው የሣጥኑ ዘይት ከ5 ሊትር ወደ 3 ሲወርድ ግን ከእናቱ ይሰማል።

መውጫው በማን እጅ ነው?

ስትገቡ መውጫውን ጠይቁ። የደንበኞቻችሁ የካርድ ቁጥር የሚቀመጠው እናንተ ዘንድ አይደለም፣ እንዲሆንም አይገባም። የሚቀመጠው ካርዱን በሚቆርጠው ድርጅት ወይም በሶፍትዌሩ ካዝና ነው። ነገ ሌላ ሶፍትዌር ስትመርጡ ያ ካዝና ወደ አዲሱ ሊዛወር ይችላል ወይ? ስትራይፕ ለሌላ ብቁ ድርጅት ያስተላልፋል። ሻጩን የሚተኩት ድርጅቶች ዘንድ ግን ደንበኛው የእነሱ ነውና ጉዳዩ ይከብዳል። መልሱን በጽሑፍ ያዙ። ካልተዛወረ መቶዎቹ ቤተሰቦች ካርዳቸውን እንደገና እንዲያስገቡ መለመን ይሆናል፣ ከመካከላቸውም ብዙው አይመለስም።

የአካውንቱ ባለቤት ማን እንደሆነ ደግሞ ከሶፍትዌሩ ጥራት ይበልጣል። ሱቁ፣ የካርዱ አገልግሎት፣ የድረ ገጹ ስምና የንግዱ ኢሜይል በድርጅቱ ስም ይመዝገቡ። በአጎት ልጅ የግል ኢሜይል የተከፈተ አካውንት ወንድማማች ሲጣላ ከነደንበኛው ይሄዳል፤ ብዙ የዳያስፖራ ንግድ የፈረሰው እንዲህ ነው። የይለፍ ቃል አትካፈሉ። ለአዲስ አበባው ሥራ አስኪያጅ ትእዛዝ የማየትና የማቆም ሥልጣን፣ ለሒሳብ ሠራተኛው የማንበብ ብቻ፣ ገንዘብ የመመለስና የባንክ ሒሳብ የመቀየር ሥልጣን ደግሞ ለሁለት ሰዎች ብቻ ይሰጥ። ሶፍትዌሩ ማን መቼ ምን እንደነካ የሚመዘግብ ከሆነ መተማመኑ ሳይጎዳ ቁጥጥር ይኖራል።

ከዚህ በኋላ ሙከራው ይጀመር። ስትራይፕ በሙከራ ሁኔታ 4242 እየተደጋገመ የሚጻፍ የውሸት ካርድና ጊዜን ወደፊት የሚያስኬድ ሰዓት አለው፤ የስድስት ወር ክፍያን፣ የተሰረዘ ካርድን፣ የቆመ ሰብስክሪፕሽንን በአንድ ከሰዓት ማየት ትችላላችሁ። ቀጥሎ ከምታውቋቸው አሥር ቤተሰቦች ጋር ሦስት ወር ሥሩ። ከእነዚህ ውስጥ ጥቂቶቹ በካርድ፣ ጥቂቶቹ በባንክ ሒሳብ፣ ቢያንስ አንዱ ከአውሮፓ ወይም ከባሕረ ሰላጤው አገር ይክፈሉ። በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሦስት ቁጥር በወረቀት ላይ አስፍሩ፤ ስንት ክፍያ በመጀመሪያው ሙከራ ተሳካ፣ ስንት ቅርጫት ወሩ በጠባ በሳምንቱ ውስጥ ደረሰ፣ ከ60 ዶላሩ ውስጥ ክፍያው ሁሉ ተቀንሶ አዲስ አበባ ባንክ የገባው ስንት ነው። የዓመቱን የሶፍትዌር ውል ከመፈረማችሁ በፊት እነዚህ ሦስት ቁጥሮች ጠረጴዛችሁ ላይ ይኑሩ።